«ካርቦን ነው» ማለት «ያስተማምናል» ማለት አይደለም

ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ የሚወርደውን መንገድ ለሚያውቅ ሰው ረጅም መግቢያ አያስፈልግም። በ40 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ከ800 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። አይሱዙው በከባድ ማርሽ እያቃሰተ በሚወርድበት በዚህ መንገድ፣ ብስክሌተኛ ወጣት እጁን ከፍሬን ላይ ካነሳ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር መድረስ አይቸግረውም። በዚያ ፍጥነት ሕይወቱን የተሸከሙት አንድ ቀላል ፍሬምና አንድ የፊት ሹካ ናቸው። ጥያቄዬ አጭር ነው፦ ያንን ፍሬም ማን መረመረው?

ጥያቄው የመጣው የካርቦን ፍሬም እየረከሰ ስለሆነ ነው። ድሮ የታላላቅ ተወዳዳሪዎች ብቻ የነበረው ዕቃ ዛሬ ስማቸው በማይታወቅ ፋብሪካዎች ተመርቶ፣ ወይም ውጭ አገር አገልግሎ፣ እዚህ «ኦሪጅናል ካርቦን» ተብሎ ሊሸጥልን ይችላል። ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ልጆቻችን እሱ የጋለበውን ዓይነት ብስክሌት ቢመኙ አይፈረድባቸውም። የሚያሳስበው በግዢው ጊዜ የሚነሳው ክርክር ነው። አንዱ «የቻይና ዕቃ ነው፣ ይሰበራል» ብሎ ይዘጋዋል። ሌላው «አውሮፕላን የሚሠራበት ነው፣ ምን ይሆናል?» ይላል። ሁለቱም ተሳስተዋል።

📌 «የቻይና ነው» መልስ አይሆንም

በዓለም ገበያ ላይ ካሉት የካርቦን ፍሬሞች አብዛኞቹ፣ ውድ የሚባሉትን ጨምሮ፣ የሚሠሩት ቻይናና ታይዋን ውስጥ ነው። ደግሞም እኛ የደቡብ ጎንደር ሰዎች «የቻይና» የሚለውን ቃል ለስድብ ከመጠቀማችን በፊት፣ ከወረታ ተነስቶ በደብረ ታቦርና በጋይንት አድርጎ ወልድያ የሚደርሰውን መንገድ በደርግ ዘመን እነማን እንደሠሩት እናስታውስ። የአገር ስም የጥራት ማረጋገጫም የጉድለት ማስረጃም አይደለም።

ዋጋም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. በማርች 2021 ቤልጅየም ውስጥ በተካሄደው የለ ሳሚን ውድድር፣ የማቲው ቫን ደር ፖል ብስክሌት መሪ ውድድሩ መሃል ላይ ተሰበረ። ብስክሌቱ ካንየን የተባለው የጀርመን ድርጅት ከሚሸጣቸው ውዶች አንዱ ነበር። ቀጥሎ የሆነውን ግን ልብ በሉ። ድርጅቱ ያንን ሞዴል የገዙ ደንበኞች መንዳት እንዲያቆሙ አሳሰበ፤ በኋላም የተሻሻለ መሪ አቀረበ። እንግዲህ ውድ ዕቃም ይሰበራል። ከዋጋው ላይ ከፍ ያለውን ድርሻ የምንከፍለው ሲሰበር ኃላፊነት ለሚወስድ አካል ነው። ስም የሌለው ፍሬም ቢሰበር ማን ይደውልላችኋል?

📌 የአውሮፕላኑ ነገር

የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2012 መረከብ የጀመረው ድሪምላይነር በክብደት ግማሽ ያህሉ ከካርቦንና ከመሰል ጥምር ቁሶች የተሠራ ነው። እውነት ነው። ነገር ግን ያ አውሮፕላን በየጊዜው በባለሙያ ይፈተሻል፣ አንድ ተሽከርካሪ ቢገጨው ይመዘገባል፣ ጥገናው በሰነድ ይያዛል። እኛ ቁሱን ወስደን ፍተሻውን ትተነዋል።

ብረት አዛኝ ነው። ሲጎዳ ይጎብጣል፣ ቀለሙ ይሰነጠቃል፣ ባለቤቱም ወስዶ ያስበይደዋል። ካርቦን የተለየ ነው። ከፀጉር የቀጠኑ ክሮች በሙጫ ተነክረው፣ በንብርብር ተነጥፈው የሚሠራ ነው። ጥንካሬው ክሮቹ በተዘረጉበት አቅጣጫ ላይ ነው። አነጣጠፉ ትክክል ከሆነ በክብደቱ ልክ ከብረት ይበልጣል። ንብርብሩ ከተጨማደደ ወይም መሃሉ ላይ አየር ከቀረ ድክመቱ ከቀለም ስር ይደበቃል። ወድቆ የነበረ ፍሬምም ከላይ አንዲት ጭረት ብቻ አሳይቶ ከውስጥ ንብርብሩ ተላቅቆ ሊቆይ ይችላል። ሲሰበር ብዙ ጊዜ ሳያስጠነቅቅ ነው፤ ብየዳም አያድነውም።

በእኛ አካባቢ ደግሞ ሦስት ተጨማሪ ጠላቶች አሉት፦

1. የሚኒባስ ፖርቶ መጋላ። የካርቦን ቱቦ ከላይ ወደ ታች የሚመጣ ጭነትን እንዲችል ተደርጎ ይሠራል፤ ግድግዳው ግን ቀጭን ነው። ከጆንያና ከጀሪካን ጋር በገመድ ጠፍሮ ማሰር ከጎን ይጨፈልቀዋል።

2. በግምት የሚጠብቅ ቡሎን። የኮርቻው ዘንግና የመሪው ማያያዣ ቡሎኖች ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ኒውተን ሜትር ብቻ ነው የሚፈልጉት። «ጠበቅ አድርገው» ባልን ቁጥር ካርቦኑን እያደቀቅነው ሊሆን ይችላል። ልኬት የሚያሳይ ቁልፍ የሌለው ሠራተኛ ካርቦን ባይነካ ይሻላል።

3. ረጅም ቁልቁለት። ቸርኬው ራሱ ካርቦን ሆኖ ፍሬኑ ቸርኬውን የሚቆነጥጥ ከሆነ፣ ፍሬን ይዞ ረጅም መንገድ መውረድ ቸርኬውን ያግለዋል፤ ሙጫው ይለሰልሳል። ርካሽ ካርቦን ቸርኬ ለእኛ ቁልቁለት አይሆንም።

📌 ታዲያ በምን እንለየው?

በመጀመሪያ የሻጩን ማንነት። የታወቀ ድርጅት ርካሽ ሞዴል አንድ ነገር ነው፤ በራሱ ስም የሚሸጥ፣ አድራሻና መለያ ቁጥር ያለው ብዙም ያልታወቀ ፋብሪካ ሌላ ነው፤ የታወቀ ስም ለጥፎ የሚመጣ ፎርጅድ ደግሞ ሌላ። ከሦስቱ ሦስተኛውን አትንኩት። በስሙ የዋሸ ዕቃ በውስጡ እውነት ይናገራል ብሎ ማመን የዋህነት ነው።

ሁለተኛ፣ የፈተና ሰነድ። አይ.ኤስ.ኦ 4210 የሚባል ዓለም አቀፍ የብስክሌት ደኅንነት መስፈርት አለ። በዚህ መስፈርት ፍሬም በፔዳሉ በኩል 100,000 ጊዜ እየተጫነ ይፈተናል፤ 22.5 ኪሎ የሚመዝን ክብደትም ይወድቅበታል። ሻጩን የዚያን ሞዴል ሰነድ ጠይቁት። የዩ.ሲ.አይ ተለጣፊ አይተው የሚረኩ አሉ። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የመጣው ያ ምልክት ፍሬሙ የውድድር ቅርፅና መጠን ደንብን ማሟላቱን ያሳያል እንጂ ጥንካሬውን አይመሰክርም።

ሦስተኛ፣ ዓይንና ጆሮ። ያገለገለ ከሆነ ሹካውን አስወጥታችሁ መሪው የሚታሰርበትን ግንድ ዙሪያውን እዩ፤ እዚያ ላይ ስንጥቅ ካለ ሌላውን ማየት አያስፈልግም። ሹካ ሲሰበር ሰው በፊቱ ነው የሚወድቀው። ቀጥሎ የፔዳሉ መጋጠሚያ፣ የኮርቻው ዘንግ መግቢያ፣ የኋላ ጎማው መያዣ። በስልክ መብራት የቱቦውን ውስጥ ተመልከቱ፤ የተጨማደደ ንብርብር ራሱን ያጋልጣል። በሳንቲም መታ መታ አድርጉ። ጥርት ያለ ድምፅ እየሰጠ መጥቶ አንድ ቦታ ላይ ከታፈነ ተጠራጠሩ። ይህ ግን ጥርጣሬ ለማንሳት እንጂ «ደህና ነው» ብሎ ለመፍረድ አይበቃም፤ ቱቦዎቹ በሚጋጠሙበት ቦታ ውፍረቱ ስለሚለያይ ድምፁም ይለያያል። አዲስ ቀለም የተቀባ አሮጌ ፍሬም ከመጣላችሁ ደግሞ ቀለሙ ምን እንደሸፈነ ጠይቁ።

📌 «ድሃ ነን፣ ርካሹን ካልገዛን ምን እንጋልብ?»

ይህ ከባዱ ጥያቄ ነው፤ ፌዝ አይገባውም። መልሱ ግን ስሌት አለው። ጋላቢውና ብስክሌቱ አብረው 75 ኪሎ ቢመዝኑ፣ በአሉሚኒየም ወይም በጥሩ ብረት ፍሬም ምክንያት አንድ ኪሎ ቢጨመር ጭማሪው ከመቶ አንድ ነጥብ ምናምን ነው። በአንድ ሰዓት ዳገት የሚያስከፍለው ከአንድ ደቂቃ በታች ነው። በልምምድ ላይ ያቺ ደቂቃ የማንንም ልጅ ዕድል አትዘጋም። አገራችን እ.ኤ.አ. በ1956 ለመጀመሪያ ጊዜ በሜልቦርን ኦሊምፒክ ስትሳተፍ ብስክሌተኞችም ልካ ነበር፤ የዚያ ዘመን ብስክሌት ብረት ነበር። ስለዚህ ታሪኩ የማይታወቅ ካርቦን ለመግዛት ገንዘብ ያለው ክለብ፣ በዚያው ገንዘብ ታሪኩ የሚታወቅ አሉሚኒየም ይግዛ። አዋቂ ሰው በራሱ ገንዘብና በራሱ አንገት ቢወስን መብቱ ነው። ክለብ ግን የሰው ልጅ ነው የሚያስቀምጥበት፤ ያልመረመረውን ፍሬም ለ16 ዓመት ልጅ ሰጥቶ «በርታ» ማለት አይችልም።

📌 ምን ይደረግ?

ክለቦች እያንዳንዱን ፍሬም በመዝገብ ይያዙ፦ ከየት መጣ፣ መቼ ወደቀ፣ ማን ፈተሸው። ከባድ አወዳደቅ የወደቀ ካርቦን እስኪመረመር ይሰቀል። ለጋሾች፣ በተለይ ውጭ ያላችሁ ወገኖች፣ ከፍሬሙ ጋር ታሪኩንና አንድ የልኬት ቁልፍ አብራችሁ ላኩ። የኢትዮጵያ ደረጃዎች ኢንስቲትዩትና የንግድ ተቆጣጣሪዎች ቢያንስ ሹካና ፍሬም ያለፈተና ሰነድ በጅምላ እንዳይገባ ያስቡበት።

የቅርቡ መፍትሔ ግን እዚሁ ደጃችን ላይ ነው። አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ያስቀለጡባት ጋፋት ከደብረ ታቦር እልፍ ብላ ነው ያለችው፤ የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም ስሟን ይዟል። ክብደት ከፍ አድርጎ በፍሬም ላይ የሚጥል መፈተኛ መሥራት ለመካኒካል ምህንድስና ተማሪዎች የመመረቂያ ሥራ ይሆናል እንጂ የማይደፈር ነገር አይደለም። አሥር ፍሬም የሚገዛ ክለብ አንዱን ለመፈተኛ ቢሰዋ ስለ ዘጠኙ ጥቂት ያውቃል። አንድ ፍሬም ይከስራል፤ የሚተርፈው ግን የሰው አንገት ነው።

የክለብ አመራርም ሆናችሁ ልጁ የሚጋልብ ወላጅ፣ ሐሳባችሁን ጻፉልን። ብስክሌት ሊገዛ ላሰበ ወዳጅም አጋሩት።