ኮምፒዩተሩን ለቁራሌው አትስጡት

ድሬዳዋ መጋላ ውስጥ ቁራሌው ሲጣራ ከጠርሙሱና ከተበሳው ድስት ጋር አሁን አሁን ዴስክቶፕ ኮምፒዩተርም ይወጣለታል። «አቦ፣ አልቆለታል» ይባላል። ብዙም ሳይቆይ ታይዋን ከሚባለው ገበያ ስማርት ቲቪ ወይም አንድሮይድ ቦክስ ሳሎን ይገባል። አሮጌ ኮምፒዩተርን እንደ ቁርጥራጭ ብረት የሚያየው ይህ ልማድ ያናድደኛል።

አልቆለታል የሚባለው ማሽን እኮ ፊልም ለማሳየት ከበቂ በላይ ነው። ዛሬ ኮዲ የሚባለው የፊልምና የሙዚቃ ማጫወቻ እ.ኤ.አ. በ2002 ሲጀመር የተሠራው ለመጀመሪያው ኤክስቦክስ ነበር፤ የዚያ መጫወቻ ፕሮሰሰር 733 ሜጋኸርዝ፣ ራሙ 64 ሜጋባይት ብቻ ነው። ሰው የሚጥለው ኮር ቱ ዱዎ ላፕቶፕ ከዚያ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ቀለል ያለ ሊኑክስና ቪኤልሲ የሚባለውን ማጫወቻ ጭኖ ከቲቪው ጋር በገመድ ማገናኘት የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። በኤች 265 የተጨመቀ ፊልም ሊያደናቅፈው ስለሚችል፣ ስታስቀዱ ኤች 264 ጠይቁ።

ስማርት ቲቪ ያለ ኢንተርኔት ምኑ ስማርት ነው? የእኛ ፊልም የሚመጣው በፍላሽ ነው። ርካሹ ቦክስ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ቮይድ የተባለ ቫይረስ በዓለም ዙሪያ ወደ 1.3 ሚሊዮን በሚጠጉ የአንድሮይድ ቦክሶች ውስጥ ተገኝቷል።

መብራት ይበላል ለሚሉኝ፦ ፔንቲየም 4 ከሆነ እውነታችሁን ነው፣ እሱን ተዉት። ላፕቶፕ ግን ያን ያህል አይፈጅም፤ ባትሪው ከሠራ መብራት ሲሄድም አይጠፋም። የድሬ ሙቀትና አቧራ ጠላቱ ስለሆነ ማራገቢያውን ማጽዳት ግድ ነው።

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ግን ካሴቱ ነው። በየቤቱ ቁምሳጥን ላይ የዓሊ ቢራ ካሴቶች አሉ፤ እዚሁ ድሬዳዋ ተወልዶ በኦሮምኛ፣ በሐረሪ፣ በሶማሊኛ፣ በአረብኛና በአማርኛ የዘፈነልን ሰው! የሰርግ ቅጂ አለ፤ ከጂዳ የተላከ የአያት ድምፅ አለ። ቴፑ እየሳሳ፣ ድምፁ እየሟሸሸ ነው። የገዛችሁት ቦክስ ከቴፕ ድምፅ ተቀብሎ አያስቀምጥም። የጣላችሁት ዴስክቶፕ ግን ከኋላው ሰማያዊ የድምፅ ማስገቢያ ቀዳዳ አለው፤ ከቴፑ የሚመጣ ተራ ገመድ እሱ ላይ ሰክታችሁ ኦዳሲቲ በሚባል የድምፅ መቅጃ ፕሮግራም መቅዳት ትችላላችሁ። የ60 ደቂቃ ካሴት በመደበኛ ኤምፒስሪ 60 ሜጋባይት አይሞላም። በኪሎ የተሸጠው ባለ 320 ጊጋባይት ዲስክ ከ5000 በላይ ካሴት ይይዝ ነበር።

ካሴት ሲቀዳ አይጣደፍም፤ የአንድ ሰዓቱ አንድ ሰዓት ይፈልጋል። እኛ ቤት ይህን በበርጫ ሰዓት እናደርገዋለን። ቴፑ ይዞራል፣ ኮምፒዩተሩ ይቀዳል፤ ትልልቆቹ ደግሞ እየሰሙ ይህ ድምፅ የማን እንደሆነ፣ ያ ሰርግ የየትኛው ቤት እንደነበር ይነግሩናል። እኔም የነገሩኝን በፋይሉ ስም ላይ እጽፋለሁ።