ዶሮን ከመኝታ ቤት ስለ ማስወጣት

በከተሞቻችን፥ ይልቁንም ግቢው በጠበበበት ሰፈር፥ ዶሮ ከሰው ጋራ በአንድ ጣራ ሥር ማደሯ የቆየ ልማድ ነው። ቆጡ ከአልጋው ራስጌ ወይም ከማጀቱ ጥግ ይሠራል፤ ሲመሽ ዶሮዎቹ ይወጡበታል፤ ሲነጋም በሩ ተከፍቶላቸው ወለሉ ይጠረጋል። ስለዚህ ነገር የንጽሕና መካሪዎች ብዙ ጊዜ ተናግረዋል፥ ጽፈዋልም፤ ልማዱ ግን በብዙ ቤት እንዳለ ነው። በእኛ አስተያየት ይህ የሆነው ባለቤቶቹ ንጽሕናን ስለሚጠሉ አይደለም። መካሪው ዶሮይቱ መጀመሪያ ለምን ወደ ቤት እንደ ገባች ሳይጠይቅ ትውጣ ማለቱ ነው።

የገባችው ሸለምጥማጥና ሌባ ስላለ ነው። ለአንዲት የቤት እመቤት አምስት ዶሮዎች ማለት የጨውና የዘይት መግዣ፥ የተማሪ ልጅ ደብተር፥ ለበዓልም የሚሸጥ አውራ ዶሮ ማለት ነው። ይህን ሀብት ሌሊት ከደጅ ጣዪው ብንላት አትሰማንም፤ ባትሰማንም ልንፈርድባት አይገባም። እንግዲህ መነጋገር ያለብን ስለ ቆሻሻ ብቻ ሳይሆን፥ ስለ ጠንካራ በርና ስለ ቁልፍ ጭምር ነው።

የሚያስቸኩለን የሕፃናቱ ነገር ነው። በዶሮ ኩስ ውስጥ ካምፒሎባክተርና ሳልሞኔላ የሚባሉ ጥቃቅን ተሐዋስያን ይገኛሉ፤ ዶሮይቱም ራሷ ብዙ ጊዜ ሕመም ሳይታይባት ተሸክማቸው ትኖራለች። የሚድኽ ሕፃን ደግሞ እጁንም ያገኘውንም ነገር ወደ አፉ ይወስዳል። ወለሉ ቢጠረግም ከዐፈሩ ጋራ የተደባለቀው ኩስ ለዓይን አይታይም። ሕፃኑ ተቅማጥ አንድ ጊዜ ይዞት ቢለቀው ብዙ አያሠጋም ይሆናል፤ ተሐዋስያኑ በየጊዜው ሲመላለሱበት ግን አንጀቱ ስለሚጎዳ የበላው ምግብ በሚገባ አይዋሐደውም፥ ቁመቱም ከዕድሜው በታች ሊቀር ይችላል።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2016 ስለ ኢትዮጵያ ገጠር የታተመ አንድ ጥናት በዚህ ረገድ ሊታሰብበት የሚገባ ነገር አሳይቷል። ዶሮ የሚያረቡ ቤተ ሰቦች ልጆች በቁመት የተሻሉ ሆነው ሲገኙ፥ ዶሮዎቹ ሌሊት በመኖሪያው ቤት ውስጥ በሚያድሩበት ግን የልጆቹ ቁመት ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። እርግጥ ነው፥ እንዲህ ያለው ጥናት ሁለት ነገሮች አብረው መታየታቸውን ይነግራል እንጂ አንዱ የሌላው ምክንያት መሆኑን አይፈርድም። ቢሆንም ዶሮን ጨርሶ አስወግዱ የሚሉትን አንደግፍም፤ ዕንቍላሏ ለልጁ ይድረሰው፥ ኩሷ ከመኝታው ይራቅ። ጥናቱ የገጠር ነው ቢባልም፥ አንድ ክፍል ብቻ ባለው የከተማ ቤት ልጁና ቆጡ ይበልጥ ይቀራረባሉና ነገሩ ለከተማ ሰው አያንስም።

ማደሪያው ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ባለቤቱ የዶሮዎቹን ጩኸት ሊሰማ በሚችልበት ቅርበት፥ በአራት እግር ላይ ከመሬት አንድ ክንድ ተኩል ያህል ከፍ ብሎ ይሠራ። በየእግሩ ላይ ቁራጭ ቆርቆሮ ቢጠመጠምበት አውሬ ለመውጣት ይቸገራል። ወለሉ ከቀጫጭን ዕንጨት ወይም ከሽቦ ወንፊት ሆኖ ኩሱ ወደ ታች ይውረድ፤ ክፍተቱ ግን ከሁለት ጣት የጠበበ ይሁን። ከላይ በኩል ነፋስ የሚገባበት፥ በሽቦ የተሸፈነ መስኮት ያስፈልገዋል፤ በእርጥበት የታፈነ ማደሪያ የዶሮን ሳንባ ይጎዳልና። በቆጡ ላይ ለእያንዳንዷ ዶሮ አንድ ስንዝር ስፍራ ይበቃል። የሣር ክዳን ቅንቅን ስለሚሸሸግበት ቆርቆሮ ይመረጣል። በሩ በማጠፊያ ተይዞ ቁልፍ ይግባለት፤ ገንዘብ ካነሰ ሌላው ነገር ይቅር እንጂ ቁልፉ አይቅር። ከሥር የሚከማቸው ኩስ በየሳምንቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ ተጠርጎ በጕድጓድ ቢብላላ ለጓሮ አትክልት ማዳበሪያ ይሆናል፤ የጠረገውም ሰው እጁን በሳሙና ይታጠብ።

ቤቱ ከተሠራ በኋላ የሚያሠጋን ፈንግል ነው። ይህ በሽታ ሲገባ ያልተከተቡትን ዶሮዎች በጥቂት ቀን ውስጥ ሊጨርስ ይችላል፤ ያን ጊዜ ባለቤቲቱ ውጭ ስላደሩ ብርድ ገደላቸው ብላ የተረፈችውን አንዲት ዶሮ ወደ ቤት ትመልሳለች። ፈንግል ግን ቫይረስ እንጂ ብርድ አይደለም። ከያዘ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም። ብዙ ጊዜ የሚገባውም ከገበያ በመጣች ዶሮ ነው፤ ስለዚህ አዲስ የተገዛችውን ሦስት ሳምንት ለብቻዋ ማቆየት ያስፈልጋል። የታመመችውን ሳትሞት ልሽጣት ብሎ ወደ ገበያ የሚሮጥ ሰው በሽታውን ለሌላው ሰፈር ያከፋፍላል፤ ይህን ክፉ ሥራ ብለን ከመጥራት አንመለስም። የሞተችውም ለውሻ ሳትጣል በጥልቅ ትቀበር።

መከላከያው ክትባት ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1964 በቢሾፍቱ የተቋቋመው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ያዘጋጀዋል፤ ከዓይነቶቹም አንዱ በዓይን ጠብታ የሚሰጥ ስለሆነ መርፌ አያሻውም። ችግሩ ሌላ ነው፤ አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚበቃ ሲሆን፥ ከተበጠበጠ በኋላ በዚያው ቀን ካላለቀ ይበላሻል። አምስት ዶሮ ያላት ሴት ብቻዋን ልትገዛው አትችልም። መምህራን የሚረዱት እዚህ ላይ ነው። ተማሪዎቹ በየቤታቸው ያሉትን ዶሮዎች ቆጥረው በወረቀት ቢያመጡ፥ መምህሩም ቍጥሩን ለወረዳው የእንስሳት ሐኪም ቢያስረክብ፥ ለሰፈሩ ሁሉ አንድ ቀን መወሰን ይቻላል፤ ክትባቱም በሦስትና በአራት ወር የሚደገም ስለሆነ ያው ወረቀት ለሚቀጥለው ጊዜ ያገለግላል።