ስሜትን መጠበቅ ወይስ ሰዓትን መጠበቅ?

የተማሪዎችን ደብተር ከኋላ በኩል የሚገልጥ ሰው ሳይፈጸሙ የቀሩ ብዙ ልብ ወለዶችን ያገኛል። አብዛኞቹ አጀማመራቸው መልካም ነው። የመጀመሪያው ምዕራፍ በጥንቃቄ ተጽፏል፤ ሁለተኛው አጠር ይላል፤ ሦስተኛው ከአንድ አንቀጽ በኋላ ይቋረጣል። ጸሐፊው ምክንያቱን ሲጠየቅ «ስሜቱ ጠፋብኝ፤ ሲመጣልኝ እቀጥላለሁ» ይላል። በእኔ አስተያየት ግን ረጅም ድርሰትን ከፍጻሜው የሚያግደው የስሜት መጥፋት ሳይሆን ስሜት እስኪመጣ ድረስ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ነው።

ግጥም ወይም አጭር ልብ ወለድ በአንድ ምሽት ግለት ተጀምሮ ሊያልቅ ይችላል። ረጅም ልብ ወለድ ግን ወራትን፣ አንዳንዴም ዓመታትን ይጠይቃል። ይህን ያህል ጊዜ ሳይበርድ የሚቆይ ስሜት የለም። እንግዲህ ደራሲው ልቡ በቀዘቀዘበት ቀንም ከጠረጴዛው የሚያቀርበው ሌላ ነገር ያስፈልገዋል። ይህም የተወሰነ ሰዓትና የተወሰነ የሥራ መጠን ነው።

ከ1815 እስከ 1882 እ.ኤ.አ. የኖረው እንግሊዛዊ ደራሲ አንቶኒ ትሮሎፕ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። ትሮሎፕ ለብዙ ዓመታት የፖስታ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነበር። በሕይወቱ ከጻፋቸው 47 ልብ ወለዶች መካከል ብዙዎቹን የደረሰው መደበኛ ሥራውን ሳይለቅ ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ከጠረጴዛው ይቀመጣል፤ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ቀደም ሲል የጻፈውን ያነባል፤ ከዚያም ሰዓቱን ከፊቱ አኑሮ በየሩብ ሰዓቱ 250 ቃላት ለመጻፍ ይጥራል። ለሥራ በባቡር ሲጓዝም በእርሳስ ይጽፍ ነበር። «ባርቼስተር ታወርስ» የተባለውን መጽሐፉን አብዛኛውን ክፍል ያዘጋጀው በዚህ ዓይነት ሲሆን፣ በኋላ በንጽሕና የገለበጠችለት ባለቤቱ ናት። በየዕለቱ የጻፈውን የገጽ ብዛት በመዝገብ ያሰፍር ስለነበር፣ ሰንፎ ያሳለፈው ቀን ባዶውን ሆኖ ይታየው ነበር።

ትሮሎፕ ከሞተ በኋላ በ1883 እ.ኤ.አ. የሕይወት ታሪኩ ታትሞ ይህ አሠራሩ ሲታወቅ ብዙዎች ናቁት። ራሱ ደራሲን ከጫማ ሰፊ ጋር ማነጻጸሩም ለነቀፋ ዳረገው። ነቃፊዎቹ ፈጽሞ ተሳስተዋል ለማለት አልደፍርም፤ በቃላት ብዛት ብቻ የሚመራ ብዕር አንዳንዴ ሳያስፈልግ ይረዝማል። ይሁን እንጂ የረዘመውን ማሳጠር ይቻላል፤ ያልተጻፈውን ግን ማረም አይቻልም። ደግሞስ ጫማ ሰፊ በሙያው የሚታፈር ሰው ነውን?

ሰዓቱን ማክበር ብቻውን አይበቃም። ረቂቁ እየረዘመ ሲሄድ ደራሲው በራሱ ታሪክ ውስጥ መንገድ ይስታል። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን «ፍቅር እስከ መቃብር» ያነበበ ተማሪ ታሪኩ የሚጀምረው በዛብህ ከመወለዱ በፊት፣ ከወላጆቹ መሆኑን ያስታውሳል። ከዚያ በኋላ ሰብለ ወንጌል፣ ፊታውራሪ መሸሻ፣ ጉዱ ካሣና ሌሎችም እየተከታተሉ ይመጣሉ። እንዲህ ባለ ሰፊ ድርሰት የአንዱ ዕድሜ ቢዛባ ወይም የሁለት ቀን መንገድ በግማሽ ቀን ቢያልቅ አንባቢ ወዲያው ይነቃል። ስለዚህ ከረቂቁ የተለየ አንድ ትንሽ ደብተር መያዝ ይገባል። በዚህ ደብተር የእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ ስም፣ ዕድሜ፣ መልክና ዝምድና ይሰፍራል፤ ድርጊቱ የተፈጸመበት ወርና ቦታም እንዲሁ። ገና ያልተጻፉ ምዕራፎች በአንድ በአንድ ዓረፍተ ነገር ቢጠቆሙ ይበልጥ ይረዳል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ዕቅዱን በቀለም እያስጌጡ ወራት የሚያሳልፉ፣ ድርሰቱን ግን ከቶ የማይጀምሩ አሉና።

የመጀመሪያውን ምዕራፍ ደጋግሞ ማሳመርም የዚሁ በሽታ ሌላ መልክ ነው። ታሪኩ ሲያልቅ ያ ምዕራፍ ምናልባት ጨርሶ ሊሰረዝ ይችላል። አሜሪካዊው ደራሲ ኧርነስት ሄሚንግዌይ የዕለቱን ሥራ የሚያቆመው ቀጥሎ የሚሆነውን እያወቀ ነበር። ይህ ብልሃት ለጀማሪ እጅግ ይጠቅማል፤ ምክንያቱም በማግሥቱ ከባዶ ወረቀት ጋር መፋጠጥ ይቀራል። ታሪኩን ገና ሳይጽፉ ለጓደኛ ሁሉ መተረክ ግን ጉጉትን ያበርዳል፤ ተነግሮ ያለቀን ነገር እንደገና ለመጻፍ ልብ አይነሣሣም።

ተማሪ ጊዜ የለኝም ሊል ይችላል። በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን አንዲት ገጽ ብቻ የሚጽፍ ሰው በአርባ ሳምንት 200 ገጽ ይኖረዋል፤ ከመስከረም እስከ ሰኔ ያለው ጊዜም ከዚህ አያንስም። የፈተና ሳምንታት ሲደርሱ ገጹ ወደ ግማሽ ይቀነስ። ያም ካልተቻለ በመዝገቡ ላይ ከቀኑ ትይዩ «ፈተና» ብሎ ጽፎ፣ የሚመለስበትን ቀን ከሥሩ ማስፈር ነው።