አብረው የተነሡ አብረው ይቀመጡ ዘንድ



በዓል ሲቃረብ በጅጅጋው የገራድ ዊልዋል አውሮፕላን ማረፊያ ነጠላ የለበሱ እናቶችና ሕፃን ያዘሉ እኅቶች ይታያሉ። ገሚሱ ወደ አዲስ አበባ ዘመዶቹ፣ ገሚሱም ከዚያ አልፎ ላሊበላን ሊሳለም የተነሣ ነው። እኛም ለዛሬ ልናነሣው የወደድነው እነዚህ ወገኖች በአውሮፕላኑ ውስጥ ስለሚቀመጡበት ሥርዓት ነው።

እንደሚታወቀው ልጅ ከአዲስ አበባ ሆኖ ለእናቱ ቲኬት ይቆርጣል፤ እኅቱ ደግሞ የራሷን ከጅጅጋ ትገዛለች። የእናትና የልጅ ስም በሁለት መዝገብ በመስፈሩ መሣሪያው እርስ በርስ እንደማይተዋወቁ መንገደኞች ይቈጥራቸዋል። አርፍደው ከደረሱማ የሚደርሳቸው ከሌላው የተረፈ ወንበር ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ልመና ነው፤ «እባክዎ ይቀይሩልን» እየተባለ በጠባቡ መተላለፊያ መቆም። መቀመጫውን አስቀድሞ የመረጠ ወይም እግሩን የሚያመው ሰው እንቢ ቢል ጨካኝ መባሉን አንቀበልም። አስተናጋጆችም ቢሆኑ የትናንሽ አውሮፕላኖች የክብደት ሚዛን በአቀማመጥ ስለሚወሰን እንደ ልብ ሊያዛውሩ አይችሉም።

በአገር ውስጥ መስመሮች በብዛት የሚያገለግለው ኪው 400 በመተላለፊያው ግራና ቀኝ ሁለት ሁለት መቀመጫ ብቻ አለው። ስለዚህ አምስት የቤተሰብ አባላት ጎን ለጎን ይቀመጡ ማለት ከንቱ ነው። ሕፃን ያቀፉ ሁለት እኅትማማቾችም በቦይንግ 737 በአንድ ወገን ቢከለከሉ ምክንያት አለው፤ ለሦስቱ መቀመጫ የሚወርደው የኦክስጅን ጭምብል አራት ነውና።

የእኛ ጥያቄ ከዚህ ያነሰ ነው፤ ሕፃን ከአሳዳጊው፣ ቀበቶ ማሰር የሚቸግራቸው አረጋዊ ከሚረዳቸው ሰው አይለዩ። ነገሩ የምቾት ብቻ አይደለም። አደጋ ቢደርስና በፍጥነት ውጡ ቢባል፣ ልጇ ከኋላ የተቀመጠባት እናት ወደ በሩ ሳይሆን በሕዝቡ መካከል ወደ ኋላ ነው የምትሮጠው። የአሜሪካ የትራንስፖርት ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2024 ዕድሜያቸው 13 ዓመትና ከዚያ በታች የሆኑ ልጆች ያለ ተጨማሪ ክፍያ ከወላጃቸው አጠገብ እንዲቀመጡ የሚያስገድድ ረቂቅ ደንብ ያቀረበው ያለ ነገር አይደለም። ዕድሜ በመዝገቡ ላይ ተጽፎ ሳለ ሕፃኑን ከወላጁ ጋር ማስቀመጥ ለመንገደኛ ቸርነት የሚተው ጉዳይ ሊሆን አይገባም፤ የአየር መንገዶች ግዴታ ነው እንላለን።

መንገደኛውም በበኩሉ የሚቻል ከሆነ ሁሉንም በአንድ መዝገብ ያስቆርጥ፤ ለየብቻ ከተቆረጠም መዝገቦቹ እንዲያያዙ የቲኬት ቢሮውን ይጠይቅ። ወደ ላሊበላ የሚያልፉ ደግሞ ከአዲስ አበባ በኋላ የሚሳፈሩበትን ሁለተኛውን የመሳፈሪያ ወረቀት ገና ጅጅጋ ሳሉ ቢመለከቱት ይበጃል፤ በመጀመሪያው በረራ ጎን ለጎን የተቀመጡ በሁለተኛው የሚለያዩበት ጊዜ አለና።