በበጎ አድራጎት ማኅበር የሚሠራ የሥዕልና የጽሑፍ ባለሞያ ስለ ማደጉ

ነጋዴ ሁሉ እንደሚያውቀው፥ ለገበያ የሚቀርብ ዕቃ ጥሩ መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ ጥሩነቱ ለገዢው መታወቅ አለበት። ቡና ላኪው ናሙናውን በጥንቃቄ የሚያዘጋጀው፥ ባለሱቁም ዕቃውን በመስኮቱ አሰልፎ ስሙን በሰሌዳ ላይ የሚያጽፈው ስለዚህ ነው። የኢትዮጵያ መንግሥት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ የሐረር፥ የሲዳሞና የይርጋ ጨፌ ቡና ስሞች በውጭ አገር በንግድ ምልክትነት እንዲመዘገቡ የደከመውም፥ ስም ራሱ ሀብት መሆኑን በመረዳት ነው።

ነገር ግን ይኸው ነጋዴ የበጎ አድራጎት ማኅበር የቦርድ አባል ሆኖ በተሰበሰበ ጊዜ፥ በሱቁ የሚሠራበትን ዕውቀት ብዙ ጊዜ ከደጅ ትቶት ይገባል። በጀት ሲጠብ አስቀድሞ የሚሰረዘው ለሥዕል፥ ለፎቶግራፍ፥ ለጽሑፍና ለኅትመት የተመደበው ገንዘብ ነው። ለባለሞያው ማሠልጠኛ የተጠየቀ ገንዘብ ከሆነማ ለውይይት እንኳ ሳይቀርብ ይቀራል።

ከሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ወጥቶ በእንዲህ ያለ ማኅበር የተቀጠረ ወጣት የሚገጥመው ዕድል ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። በዓሉ ነገ ሊከበር ዛሬ ከቀትር በኋላ በጨርቅ ላይ የሚጻፍ መፈክር ይታዘዛል፤ በማግሥቱ የምስክር ወረቀት፥ ከዚያም የግድግዳ ቀን መቍጠሪያ ያበጃል። ሥራው ለማንና ስለ ምን እንደሆነ አይነገረውም፤ ምን ፍሬ እንዳስገኘም ተመልሶ የሚያስረዳው የለም። ሦስት ወይም አራት ዓመት እንዲህ ካለፈ በኋላ እጁ ይፈጥን ይሆናል እንጂ ዕውቀቱ አይሰፋም። ስለዚህም ጥቂት ደመወዝ የሚጨምርለት ቤት ሲያገኝ ይሄዳል፤ ማኅበሩም ሌላ ወጣት ቀጥሮ እንደ ገና ከሀሁ ይጀምራል።

በእርግጥ የቦርድ አባላት የሚያቀርቡት ምክንያት የሚናቅ አይደለም። ለተራበ ልጅ የተሰጠ ብር ለቀለምና ለወረቀት ሲውል ማየት ሰጪውን ያሳዝናል። ሕግ አውጪውም ይህን ሥጋት አስቦበታል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቍጥር 621 የአስተዳደር ወጪ ከመቶ 30 እንዳይበልጥ ወስኖ ነበር፤ እርሱን የተካውና በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 1113 ደግሞ ገደቡን ወደ 20 ዝቅ አደረገው፤ ከፕሮጀክት ሥራ ጋራ ያልተያያዘ የማስታወቂያና የኅትመት ወጪም በአስተዳደር ወጪ እንዲቈጠር ደነገገ።

ገደብ መኖሩ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ገንዘቡ በጠበበ መጠን ጥቂቱን ብር በሚገባ የሚያሠራ የሠለጠነ ሰው ይበልጥ ያስፈልጋል። ደግሞም ጌጥ የሆነውን ሥዕልና ራሱ ሥራ የሆነውን ሥዕል ለይቶ ማወቅ ይገባል። ውሃ አፍልቶ መጠጣትን የሚያስተምር ሥዕል ማንበብ ለማትችል እናት ካልገባት፥ ወረቀቱም፥ ቀለሙም፥ የታዳዩም ድካም ከንቱ ሆኖ ይቀራል።

ጽሑፍና ሥዕል ለምግባረ ሠናይ የሚሰጡትን ጥቅም ታሪክ ይመሰክራል። ሄንሪ ዱናን የጄኔቫ ሰውና ነጋዴ ነበረ። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1859 ዓ.ም. ለንግዱ ጉዳይ ወደ ሰሜን ኢጣልያ ሄዶ ሳለ በሶልፌሪኖ ጦርነት የቈሰሉትን ወታደሮች ሥቃይ ተመለከተ፤ ያየውንም በመጽሐፍ ጽፎ በ1862 ዓ.ም. በራሱ ገንዘብ 1,600 ቅጂ አሳተመ። በተከታዩ ዓመት ለቀይ መስቀል መሠረት የሆነው ኮሚቴ በጄኔቫ ተቋቋመ፤ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበርም በእኛ አቈጣጠር በ1927 ዓ.ም. ተመሠረተ። ያ ነጋዴ ለኅትመት ያወጣውን ገንዘብ ዛሬ ብክነት ነው የሚል ሰው አይገኝም።

ሁለተኛው ምሳሌ ወጪን ለሚቈጥብ ነጋዴ ይበልጥ የሚስማማ ነው። ደብልዩ ደብልዩ ኤፍ በመባል የሚታወቀው የዱር አራዊት ጠባቂ ድርጅት በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1961 ዓ.ም. ሲቋቋም፥ ከመሥራቾቹ አንዱ የነበረው ሰር ፒተር ስኮት ሠዓሊ ነበረ። ጄራልድ ዋተርሰን ከነደፋቸው ረቂቆች ተነሥቶ የድርጅቱን ምልክት የፓንዳ ምስል አድርጎ ሠራ። ፓንዳ የተመረጠው የሰውን ልብ የሚስብ እንስሳ በመሆኑ ብቻ አይደለም፤ ጥቍርና ነጭ ስለ ሆነ በአንድ ቀለም ሊታተም ይችል ነበርና የኅትመቱን ወጪ ይቀንሳል። ምልክቱም በ1978፥ በ1986ና በ2000 ዓ.ም. እየታረመና እየቀለለ ሄዷል። እንግዲህ ሠዓሊው ከመሥራቾቹ ጋራ ተቀምጦ ዓላማውንም ሒሳቡንም ስላወቀ፥ ጥበቡ ወጪ የሚያበዛ ሳይሆን ወጪ የሚያድን ሆነ።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። በማኅበር ውስጥ ያለ ባለሞያ እንዲያድግ ከተፈለገ ሦስት ነገሮች ያስፈልጉታል። አንደኛው፥ ሥራው ሲታቀድ ከሥራ አስኪያጁና ከሒሳብ ሹሙ ጋራ አብሮ መቀመጥ ነው። ሁለተኛው፥ የሥራውን ውጤት ማየት ነው፤ ይኸውም የሠራው ወረቀት በየመንደሩ ሲታደል በዓይኑ እንዲያይ፥ ሰዎች ምን እንደ ተረዱና ምን እንዳልገባቸው በጆሮው እንዲሰማ ማድረግ ነው። ሦስተኛው፥ በየዓመቱ ጥቂትም ቢሆን ለሥልጠናና ለመሣሪያ የተወሰነ ገንዘብ፥ በሠራውም ሥራ ላይ የስሙ መጠቀስ ነው። ከእነዚህ የመጨረሻው ብቻ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ሌሎቹ የሚጠይቁት ፈቃድ ነው።

ባለሞያውም በበኩሉ ዕዳ አለበት። የሰው ገንዘብ በአደራ የያዘ ማኅበር ሠራተኛ መሆኑን አውቆ፥ ባለአራት ቀለም ሥራ ከመጠየቁ በፊት በአንድ ቀለም ምን ሊሠራ እንደሚችል ማሰብ ይገባዋል። የማተሚያ ቤቱን ዋጋ፥ የወረቀቱን ዓይነትና የቀኑን ቀጠሮ ጠንቅቆ ማወቅ የሞያው ክፍል ነው። የችግረኛን ፎቶግራፍ ሲያነሣም የሰውየውን ክብር ሳያዋርድ ማንሣትን መማር አለበት፤ በልመና ሥዕል የተሰበሰበ ገንዘብ የተረጂውን ስም አጕድፎ የመጣ ከሆነ በረከት የለውም።

በዚህ ዓይነት ያደገ ሰው ጥቅሙ ለማኅበሩ ብቻ አይደለም። በትንሽ ገንዘብ ለብዙ ሰው መናገርን የተማረ ባለሞያ ነገ የማር ላኪውን ጠርሙስ፥ የቈዳ ነጋዴውን መዝገብ፥ የቅመም ባለሱቁን መጠቅለያ የሚያሳምር እርሱ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ሲታጣ ነጋዴው ሥራውን ወደ ውጭ አገር ልኮ በውጭ ምንዛሪ ይከፍላል።

ስለዚህ በየማኅበሩ ቦርድ የተቀመጡ ነጋዴዎች በሚመጣው የበጀት ስብሰባ የሥዕልና የጽሑፍ ወጪን ከመሰረዛቸው በፊት፥ ባለሞያውን አስጠርተው ባለፈው ዓመት ምን እንደ ሠራ፥ ምን እንደ ተማረ፥ ምን እንደ ጐደለው ቢጠይቁት መልካም ነው። ለሱቃቸው ሠራተኛ ይህንኑ ጥያቄ ሳይጠይቁ ዓመቱን አይዘጉም።