ዙርባውን በስንት ገዛችሁት? ይድረስ ለምዕራብ ሐረርጌ ልጆች



ባለፈው ወር የእህቴ ልጅ ከጭሮ በድምፅ መልእክት ላከልኝ። "አጎቴ፣ ሲስተም አግኝቻለሁ፤ ከእንግዲህ አልበላም" ይላል። በእግር ኳስ ውርርድ ኦዱ ሁለት የሆነ፣ ማለትም ከያዘ ያስያዘውን እጥፍ የሚመልስ ጨዋታ እየመረጠ በ20 ብር ይጀምራል። ከተበላ በ40፣ እንደገና ከተበላ በ80፣ እንዲህ እያጠፈ ይሄዳል። አንዱ መያዙ ስለማይቀር የተበላው ሁሉ ከ20 ብር ትርፍ ጋር ይመለሳል። ሁለት ሳምንት ሠርቶለታል። የቀረው መነሻ ገንዘብ ስለሆነ 300 ዶላር እንድልክለት ጠየቀኝ።

አልላክሁም። ለምን እንዳልላክሁ ለእሱ በስልክ ነግሬዋለሁ፤ ለእናንተም ልጻፈው ያልኩት ይህን ሲስተም ለዓመታት ከጠረጴዛው ማዶ ቆሜ ስላየሁት ነው። የምኖረው ላስ ቬጋስ ነው። እዚህ ያለን ሐበሾች ብዙዎቻችን ወይ ታክሲ ላይ ነን ወይ ካዚኖ ውስጥ። እኔ አሥራ አንድ ዓመት ሩሌት አጫውቻለሁ። ኳሷን የምወረውረው፣ የተበላውን ቺፕ ጠርጌ የምሰበስበው እኔ ነበርኩ።

አንድ ሌሊት ሽበት የወረሰው ሰውዬ ደብተር ይዞ መጣ። ቀይ ላይ 15 ዶላር አስቀመጠ፤ ሲበላ 30፣ ሲበላ 60። ለሦስት ሰዓት ያህል 15 ዶላር 15 ዶላር እየለቀመ ደህና አተረፈ። ከዚያ ቀይ ጠፋ። 120 ተበላ፤ 240፣ 480፣ 960፣ 1,920 ተከታትለው ተበሉ። ቀጣዩ 3,840 መሆን ነበረበት፤ የጠረጴዛው ጣሪያ ግን 2,000 ነው። "ላስቀምጥ" አለኝ። ጣሪያው የተጻፈበትን ሰሌዳ በእጄ አሳየሁት። ደብተሩን ዘጋና የጋብቻ ቀለበቱን በጣቱ ላይ እያዞረ ብዙ ቆየ። ያ እጅ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

የአሜሪካ ሩሌት 38 ቤት አለው። 18ቱ ቀይ፣ 18ቱ ጥቁር፣ ሁለቱ አረንጓዴ ናቸው። ቀይ የያዘ ሰው ስምንት ጊዜ በተከታታይ የሚበላው ከ170 ሙከራ አንዴ ገደማ ነው። 169ኙ ጊዜ 15 ዶላር ቢያገኝ 2,535 ዶላር ይሆናል። አንዷ ክፉ ቀን የምትወስደው 3,825 ነው። ሰውዬው የሦስት ሰዓት ትርፉን ይዞ ቢሄድ ኖሮ ያቺ ክፉ ቀን ሌላ ጊዜ ትጠብቀው ነበር። ጣሪያው ባይኖር እንኳ የሰው ኪስ ጣሪያ አለው። የእህቴ ልጅ አሥር ጊዜ ቢበላ አሥረኛው ላይ ብቻ 10,240 ብር ማስያዝ ነበረበት፤ ድምሩ 20,460 ብር ይደርሳል። 20 ብር ለማትረፍ።

ችግሩ ግን ከማጠፉ በፊት ይጀምራል። እስክሪብቶ አንሱና አብረን እንደምር። ለባለሜዳው 2.40፣ ለአቻ 3.20፣ ለእንግዳው 2.80 ተሰጥቷል እንበል። ማንም ቢያሸንፍ 100 ብር እንዲመለስላችሁ ሦስቱንም ብትይዙ፣ ባለሜዳው ላይ 41.67፣ አቻው ላይ 31.25፣ እንግዳው ላይ 35.71 ብር ታስይዛላችሁ። ድምሩ 108.63 ብር ነው። 100 ብር በ108 ብር ከ63 ሳንቲም ገዛችሁ ማለት ነው። ገልብጡት፤ 100 ብር ያስያዘ ሰው በአማካይ የሚመለስለት 92 ብር ነው።

እኛ የጫት አገር ልጆች ነን። አባቴ ጭሮ ገበያ ላይ የጫቱን ዙርባ አገላብጦ፣ አንዷን ቀንበጥ ቀንጥሶ ቀምሶ፣ አዲስ አበባ ስንት እንደሚያወጣ በልቡ ሳይደምር እጁን ኪሱ አይከትም ነበር። ኢሱዙው ሊነሳ ሞተሩ እየጮኸ እንኳ ዋጋው ካልገባለት ይተወዋል። በ100 ብር ገዝቶ በ92 የሚሸጥ ነጋዴ መጥቶ "ዛሬ አንድ፣ ነገ ሁለት፣ ከነገ ወዲያ አራት ዙርባ እየገዛሁ ኪሳራዬን አወጣለሁ" ቢለው፣ አባቴ "አቦ፣ የምታጥፈው እኮ ኪሳራውን ነው!" ይለው ነበር። ከአሥራ አንድ ዓመት ሩሌት የተማርኩት ከዚህ አይበልጥም።

አሥር ጨዋታ ደርድሮ ትኬት መቁረጥ ደግሞ ይብሳል። 100 ብሩ በመጀመሪያው ጨዋታ 92 ይሆናል፤ 92ቱ በሁለተኛው ወደ 85 ይወርዳል፤ አሥረኛው ላይ ሲደርስ 44 ብር ገደማ ነው። ዘጠኙ ይዞ አንዱ ሲቀር "አንድ ጨዋታ በላኝ" እያላችሁ ወረቀቱን ፎቶ አንስታችሁ ትልኩልኛላችሁ። ለጥቂት የተረፈ ገንዘብ ይመስላል፤ ለአወራራጁ ቤት ግን አንዱ ቀረ አሥሩም ቀረ ያው ነው። ከያዘም ግብር አለ፤ የ2008ቱ የገቢ ግብር አዋጅ 1,000 ብርና ከዚያ በላይ በሆነ የዕድል አሸናፊነት ገቢ ላይ 15 በመቶ ጥሎ ነበር። አቪዬተር የሚባለውን የስልክ ቁማር የሚጫወተውማ ትኬት እስኪወጣም አይጠብቅም። አብዛኛው ዙር ደቂቃ አይሞላም፤ ገንዘቡም በአንድ ንክኪ ይሄዳል። የቤቱ ድርሻ በሳምንት አንዴ ሲወሰድ ሌላ ነው፤ በሰዓት መቶ ጊዜ ሲወሰድ ሌላ ነው።

"እስካሁን አልመጣም፣ አሁን ተራው ነው" የምትሉትንም አውቀዋለሁ። በ1913 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሞንቴ ካርሎ ካዚኖ ውስጥ ጥቁር 26 ጊዜ ተከታትሎ ወጣ፤ ሰዉ "የቀይ ተራ ነው" እያለ ብዙ ገንዘብ ቀይ ላይ አፈሰሰ። እኛ ጠረጴዛ ላይ የወጡትን ቁጥሮች የሚያሳይ ሰሌዳ ነበር። ኳሷ ያለፈውን አታስታውስም፤ ሰሌዳውን ግን ካዚኖው በገዛ ገንዘቡ ነው የሰቀለው።

ያሸነፉ ሰዎች የሉም አልልም። ኤድዋርድ ቶርፕ የሚባል የሒሳብ ሊቅ በ1962 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባሳተመው መጽሐፍ ብላክጃክ ላይ ካዚኖን እንዴት ማሸነፍ እንደሚቻል አሳይቷል። እሱ ግን ሲበላ አላጠፈም። የወጡትን ካርዶች እየቆጠረ፣ ብልጫው ወደ እሱ ሲያደላ ብቻ ነበር ብሩን የሚጨምረው። ካርድ ቆጣሪ የተባለ ሰው በትህትና ወደ በር ሲሸኝ በዓይኔ አይቻለሁ። ደብተር ይዞ እያጠፈ ለሚጫወተው ግን መጠጥ በነፃ ይመጣለታል።

"አንተስ በዲቪ ዕጣ አይደል የወጣኸው?" ትሉኝ ይሆናል። አዎ፣ በዲቪ ነው። የከፈልኩት ለፎቶና ፎርሙን ለሞላልኝ ልጅ ብቻ ነበር። ባይደርሰኝ ከእናቴ ሌማት ላይ የሚጎድል እንጀራ አልነበረም።

ሼኹም ቄሱም ቁማር ክልክል መሆኑን ነግረዋችኋል፤ እኔ በእነሱ ላይ የምጨምረው የለኝም። ሥራ እንደጠፋም አውቃለሁ። ከኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ሁለት ዓመት በር ላይ የተቀመጠ ልጅ 200 ብር ሲይዝ ሌላ የሚያስገባበት ቦታ እንደሌለ ይሰማዋል። አልፈርድበትም። ግን ያቺን 200 ብር ይዞ እቁብ ይግባ። አሥር ሆናችሁ 200፣ 200 ብትጥሉ 2,000 ገብቶ 2,000 ይወጣል፤ መሐል ላይ ቆሞ ስምንት በመቶ የሚቀንስ የለም። ዕጣው የሚወስነው ማን ቀድሞ እንደሚወስድ ብቻ ነው።

ለእህቴ ልጅ ይህንኑ ብዬዋለሁ። ከራሱ ጋር ዘጠኝ ሰው ካገኘ አሥረኛዋ ዕጣ የእኔ ናት፤ ድርሻዬን ሳላጓድል በየሳምንቱ እልካለሁ። እኔ አልቸኩልምና የመጨረሻውን ተራ ያዙልኝ።