ሰማይ ላይ ለቀረው የሞተ ሳተላይት ተጠያቂው ማን ነው?

ሳተላይት ሥራውን ሲጨርስ ወዲያው አይወድቅም። ኃይሉ አልቆ ሬዲዮው ዝም ቢልም እንደ በፊቱ መዞሩን ይቀጥላል። 500 ኪሎ ሜትር ግድም ላይ ያለውን ስሱ አየር እየጎተተ በጥቂት ዓመታት ያወርደዋል፣ ሲወርድም ይቃጠላል። 800 ኪሎ ሜትር አካባቢ ያለው ግን እስከ ልጅ ልጆቻችን ዘመንና ከዚያም በኋላ ሊቆይ ይችላል።

ኮስሞስ 2251 እንዲህ ያለ ነበር። ሩሲያ በ1993 ያመጠቀችው፣ 900 ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝን የወታደር መልእክት ማስተላለፊያ ነው። ሁለት ዓመት ያህል ሠርቶ ሞተ፤ ያነሳው ግን የለም። ፌብሩዋሪ 10 ቀን 2009 ከሳይቤሪያ በላይ፣ 789 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ፣ በሥራ ላይ ከነበረው የአሜሪካው የስልክ ሳተላይት ኢሪዲየም 33 ጋር ተላተመ። የተጋጩበት ፍጥነት በሴኮንድ ከ11 ኪሎ ሜትር በላይ ነበር፤ ከኢየሩሳሌም ቴል አቪቭ በአምስት ሴኮንድ መድረስ ማለት ነው። አንዱ ስሌት 600 ሜትር ያህል ተራርቀው ያልፋሉ ብሎ ነበር እኮ! ከግጭቱ ከምድር ሊታዩ የሚችሉ ብቻ ከ2,000 በላይ ስብርባሪዎች ወጡ። በማርች 2012 ከኮስሞስ የተረፈ አንድ ቁራጭ ሲቃረብ፣ በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ የነበሩት ሰዎች ማምለጫ መንኮራኩሮቻቸው ውስጥ ገብተው እስኪያልፍ ጠብቀዋል።

ታዲያ ካሣው በማን ላይ ይወድቃል? ሽምግልና የተቀመጠ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው የማን በሬ የማንን አዝመራ እንዳጠፋ ነው። በ1972 የወጣው ዓለም አቀፍ ውል፣ ከሰማይ የወደቀ ነገር ምድር ላይ ጉዳት ካደረሰ ጥፋት ሳይፈለግ ያመጠቀው አገር ይክፈል ይላል። በ1978 ኑክሌር የተሸከመ የሶቪየት ሳተላይት ካናዳ ላይ ሲወድቅ፣ ከድርድር በኋላ ሦስት ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ተከፍሏል። ሁለቱ እዚያው ሰማይ ላይ ከተጋጩ ግን ጥፋተኛው መረጋገጥ አለበት። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጠላለፈው። አንዱ ወገን «የእኔ ሞቷል፣ መንቀሳቀስ አይችልም፤ ያንተ ሞተር ነበረው፣ ለምን አልሸሸም?» ማለት ይችላል። ሌላው ደግሞ «የሞተ ነገር መንገድ ላይ ጥሎ መሄድስ?» ይላል። በእኔ አስተያየት ሁለተኛው ክርክር ይበልጣል። ሕጉ ግን የሞተን ሳተላይት ትቶ መሄድ ጥፋት ነው ብሎ በግልጽ አላስቀመጠም።

ሌላም ችግር አለ። በ1967ቱ የጠፈር ውል መሠረት ሳተላይት ቢሞትም፣ ቢሰባበርም የባለቤቱ ነው። አደጋ ነው ብሎ ሌላ አገር ሄዶ ሊያነሳው አይችልም፤ ፈቃድ ያስፈልጋል። በ2024 አንድ የጃፓን ኩባንያ አሮጌ የሮኬት አካል አጠገብ፣ 15 ሜትር ያህል ድረስ፣ መቅረብ ችሏል። ግን የቀረበው የጃፓን የራሷ ሮኬት ጋ ነው።

አሜሪካ በ2022 ያወጣችው ደንብ፣ ዝቅ ብሎ የሚዞር ሳተላይት ሥራውን በጨረሰ በአምስት ዓመት ውስጥ ይውረድ ይላል። ከዚያ በፊት የነበረው የ25 ዓመት ምክር ነበር። ደንቡ ጥሩ ነው፤ ሆኖም የሚይዘው ከአሜሪካ ፈቃድ የሚወስዱትን አዳዲሶቹን ነው። እላይ ከቀሩት ትላልቅና አደገኛ አሮጌ አካላት ብዙዎቹ ከሶቪየትና ከሩሲያ የተረፉ ሮኬቶች ናቸው። ሞስኮ እሺ ካላለች ማንም አይነካቸውም፤ እሺ ብትልም እንኳ የማንሻውን ወጪ ማን እንደሚሸፍን የሚወስን ዓለም አቀፍ ውል የለም።